ከግቢ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ማስቆረጥ፦ መጋዙ ከመነሣቱ በፊትና በኋላ

ደብረ ማርቆስ ባለው የእናቴ ግቢ ሁለት ነጭ ባሕር ዛፎች ነበሩ። አባቴ አጥሩን ባጠረበት ዓመት የተከላቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ያስቆረጥነው በርካሽ ነው። የሞተር መጋዝ ያለው አንድ ሰው ከሁለት ልጆች ጋር መጣ፤ ዛፉን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየ፤ ገመዱን እጁ በደረሰበት ከፍታ ላይ አሰረና መቁረጥ ጀመረ። ዛፉ ወደ ጓሯችን ይወድቃል ስንል ዞሮ ጎረቤታችን ማድ ቤት ላይ አረፈ። ሴትዮዋ እንጀራ ጋግረው ከወጡ ሩብ ሰዓት አልሞላም ነበር። ቆርቆሮው ታጥፎ ምጣዱ ላይ ተኝቶ ሳየው ጉልበቴ ከዳኝ።

ሁለተኛውን ዛፍ እስክናስቆርጥ ብዙ ወራት ወስዶብናል። በእነዚያ ወራት ስንጠይቅና ስናይ የተማርኩትን ነው ከዚህ በታች የጻፍኩት። ከሁሉ በላይ የገባኝ ነገር ቢኖር የዛፍ ቆረጣ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው መጋዙ ሳይነሣ መሆኑ ነው። ቤት መሥራትም አጨዳም በደቦ ያምራል፤ ቤት አጠገብ የቆመ ትልቅ ዛፍ ግን በደቦ አይጣልም።

መጀመሪያ፦ መቆረጥ አለበት ወይ?

ዛፉን በአራቱም አቅጣጫ ዞረው ይዩት። ሥሩ አካባቢ እንጉዳይ በቅሏል? ግንዱ ላይ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ አለ? ጫፉ ደርቋል? ምስጥ መንገድ ሠርቶበታል? ከሁሉ የሚያሰጋው አዲስ ማዘንበል ነው። ዛፉ ድሮ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከነበረና ዘንድሮ ካዘነበለ፣ ካዘነበለበት በተቃራኒ በኩል ደግሞ አፈሩ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ሥሩ መልቀቅ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቀጣዩ ክረምት ሳይመጣ ማስወገድ ነው።

ከተወለደ ጀምሮ ያዘነበለ ጤነኛ ዛፍ ግን ራሱን አመዛዝኖ የቆመ ስለሆነ ለብቻው ምክንያት አይሆንም። ቅርንጫፉ ጣሪያ ስለነካ ብቻ ዋንዛ ወይም ሾላ የሚያስጥል ሰው ሳይ ያመኛል። ያን ቅርንጫፍ ከመገናኛው ላይ በአግባቡ ማስከርከም ይበቃል። ባሕር ዛፍን ግን ወገቡ ላይ ቆርጦ መተው መፍትሔ አይደለም። ከተቆረጠበት ላይ የሚያቆጠቁጠው አዲስ ቅርንጫፍ ግንዱን በደንብ ስለማይዝ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነፋስ ሲመጣ ተገንጥሎ የሚወድቀው እሱ ነው።

ጊዜው

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። መሬቱ ጠንክሯል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የበጋው ኃይለኛ ነፋስም ገና ነው። በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ ስለሚርስ ዛፉ ሳይቆረጥ ከነሥሩ ሊገለበጥ ይችላል፤ የሚወጣው ሰውም እርጥብ ቅርፊት ላይ ይንሸራተታል። በክረምት ማስቆረጥ ያለብዎት ለነገ የማይባል አደጋ ካለ ብቻ ነው። በየትኛውም ወር ቢሆን ሥራው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል።

ዛፉ ላይ ቀፎ ከተሰቀለ ወይም ንብ ግንዱ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ አስቀድመው ንብ አናቢ ይጥሩና በምሽት፣ በጭስ፣ ወደ ሌላ ቀፎ ያዛውሩት። የሞተር መጋዝ ድምፅና ንዝረት ንብን ያስቆጣል፤ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በንብ የተወረረ ሰው የሚሸሽበት የለውም።

ፈቃድና ጎረቤት

በገዛ ግቢ የተተከለ ባሕር ዛፍ ብዙ ጣጣ የለውም። አገር በቀል ዛፍ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ለይቶ ከልክሎ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተተክቶ አሁን የሚሠራበት በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ነው። እነዚህ ዛፎች በግቢዎ ውስጥ ቢሆኑም ቀበሌውንና የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቁ አያስነኩ። ከአጥርዎ ውጭ፣ መንገድ ዳር የቆመ ዛፍ ደግሞ ጥላው እርስዎ ላይ ቢያርፍም የከተማው ነው፤ ወደ ማዘጋጃ ቤት ይሂዱ። ባሕር ዳር ላይ ዘምባባውንና መንገድ ዳር ያለውን ዛፍ ሁሉ በዚህ መንገድ ነው ማየት ያለብዎት። እንጨቱን ጭነው ከከተማ የሚያወጡ ከሆነ የመጓጓዣ ፈቃዱን አብረው ይጠይቁ፤ ኬላ ላይ ቆሞ መከራከር ቀን ያባክናል።

የኤሌክትሪክ ገመድ በዛፉ ቅርንጫፎች መካከል ካለፈ ወይም ዛፉ በሚወድቅበት ርቀት ውስጥ ካለ፣ ወደ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ሄደው በቆረጣው ቀን መስመሩ እንዲቋረጥ በጽሑፍ ያመልክቱ። ወደ ቤትዎ የሚገባው 220 ቮልት ሰው ለመግደል ይበቃል። ከመንገዱ ምሰሶ ላይኛው ክፍል የሚያልፈው ደግሞ 15 ሺህ ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሆን ይችላል። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ቅርንጫፉ ሽቦውን ከነካ ዛፉን የያዘውም ሰው ሽቦውን እንደነካ ነው። «ቀስ ብለን እናሳልፈዋለን» የሚል ቆራጭ ካጋጠመዎት ከበር ይሸኙት።

ለጎረቤትም ቀድመው ይንገሩ። ጨዋነት ነው፤ ግን ጨዋነት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ኪሣራ እንዲከፍል ያዛል። እኛ የጎረቤታችንን ማድ ቤት መልሰን ሠርተናል። በጎረቤት በኩል ያለውን ጣሪያ፣ ግድግዳና አጥር ከሥራው በፊት አብረው ዞረው በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ በኋላ «ይህ ስንጥቅ የድሮ ነው፣ የአሁን ነው» የሚል ክርክር አይነሣም።

ዛፉን መለካት

ይህን ራስዎ ይሥሩት፤ ከባለሙያ ጋር ሲነጋገሩ የሚይዙት ነገር ይሆንዎታል። ፀሐይ ባለበት ሰዓት አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ቀጥ አድርገው መሬት ላይ ያቁሙና ጥላውን ይለኩ። ወዲያው የዛፉን ጥላ ከግንዱ ሥር እስከ ጫፉ ይለኩ። የዱላው ጥላ ግማሽ ሜትር፣ የዛፉ ጥላ 14 ሜትር ቢሆን ዛፉ 28 ሜትር ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ልኬቱ ይሳሳታል፤ በተቻለ መጠን ሜዳው ላይ ጥላ የሚያርፍበትን ሰዓት ይምረጡ።

ከዚያ በደረትዎ ትክክል ግንዱን በሜትር ዙሪያውን ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ። ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ቢመጣ የግንዱ ወርድ 50 ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ባሕር ዛፍ ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ከዚህ ግንድ ሦስት ሜትር ብቻ የሆነ ቁራጭ ስድስት ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ይህን ሳሰላ ነው የጎረቤታችን ማድ ቤት ላይ ምን እንደወደቀ በደንብ የገባኝ።

አሁን ግቢዎን በእርምጃ ይለኩ። ዛፉ 28 ሜትር ሆኖ በማንኛውም አቅጣጫ ከቁመቱ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ከሌለዎት ዛፉ ሙሉውን መጣል የለበትም። ሰው በገመድ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች እየከፋፈለ ማውረድ አለበት። ከተማ ውስጥ ያለ ግቢ ዛፍ ሁሉ ለማለት ይቻላል ከዚህ ይመደባል። ሥራው ረጅም ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፤ ግን ይህ ነው ሥራው።

ቆራጩን መምረጥ

ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው አምጥተው ዛፉን ያሳዩ። ዋጋ በስልክ የሚነግርዎትን ይተዉት። ለሁሉም የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ይሁን፦ «እንዴት ነው የምታወርዱት?» በመልሱ ውስጥ ገመድ፣ ከላይ የሚወጣ ሰው፣ ከታች ገመድ የሚይዝ ሰውና የሚወድቅበት ቦታ ከሌሉ ሰውየው መጋዝ አለው እንጂ ሙያ የለውም።

ሁለተኛውን ዛፍ የቆረጡልን ሽማግሌ መጀመሪያ የመጡ ቀን መጋዝ እንኳ አልያዙም ነበር። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ከሥር እስከ ክንዳቸው ከፍታ ኳ ኳ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው ዞሩት። በሰሜን በኩል ድምፁ እንደ ከበሮ ሆነ። እዚያው ቆመው እንደገና መቱና «እዚህ ውስጡ ባዶ ነው፤ በዚህ በኩል አናምነውም» አሉ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

«እመዬ፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው?»

«ያው፣ ከማዶ ጥግ ላይ።»

«የድሮውስ?»

«የድሮውማ ከተደፈነ ቆየ፤ ጎመን ተክዬበታለሁ።»

«እንግዲያስ ጎመኑ ላይ ግንድ አናወርድም» አሉ። ያን ጉድጓድ እኔ ረስቼው ነበር። ስድስት ኩንታል ግንድ በላዩ ቢያርፍ ግንዱን ለመጎተት የሚቆመው ሰው አብሮ ይገባ ነበር።

ከዚህ ቀደም የሠሩበትን ግቢ ይጠይቁና ሄደው ይዩ። መሣሪያቸውንም ይዩ። የመጋዙ ሰንሰለት ስለት ያለው ነው? ፊት ለፊት ያለው የሰንሰለት ማቆሚያ ይሠራል? ገመዱ የተበላ ወይም በቋጠሮ የተቀጣጠለ አለመሆኑን በእጅዎ ዳብሰው ያረጋግጡ። የራስ ቁር፣ የዓይን መከላከያ፣ የጆሮ መሸፈኛና ጠንካራ ጫማ የሌለው ሰው መጋዝ ይዞ ግቢዎ አይግባ። ሸበጥ ተጫምቶ ዛፍ ላይ የሚወጣውን ልጅ ጎበዝ ነው ብለው አያድንቁት፤ የሰው ልጅ ነው።

ዋጋና ውል

በእኛ አገር ሦስት ዓይነት ስምምነት አለ። ሙሉ ክፍያ ከፍለው እንጨቱ ለእርስዎ ይቀራል፤ ወይም ቆራጩ ለድካሙ እንጨቱን ይወስዳል፤ ወይም ከሁለቱ ተቀላቅሎ ከሂሳቡ ላይ የእንጨቱ ዋጋ ይቀነሳል። ሁለተኛው ነፃ ስለሚመስል ያጓጓል፤ እኛም መጀመሪያ ያደረግነው እሱን ነው። እንጨቱን ብሎ የሚመጣ ሰው ዓይኑ ግንዱ ላይ ስለሆነ ይቸኩላል፣ ግንዱን ጭኖ ሲሄድ ቅርንጫፉንና ጉቶውን ለእርስዎ ይተዋል። የእኔ ምክር ሥራውንና እንጨቱን ለያይተው ዋጋ እንዲያወጡ ነው። እንጨቱን ለሌላ ሰው ቢሸጡት ሊሻልዎት ይችላል፤ በተለይ ለአጠናና ለወራጅ የሚሆን ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ፣ ወይም ለጣውላ የሚሰነጠቅ ወፍራም ዋንዛ ከሆነ።

ውሉ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። የትኛው ዛፍ እንደሆነ፣ ተከፋፍሎ እንደሚወርድ፣ ጉቶው በምን ከፍታ እንደሚቀር፣ ቅርንጫፉን ማን እንደሚያነሣ፣ ጣሪያ ወይም አጥር ቢሰበር ማን እንደሚሠራ፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን እንደሚችል ይጻፍ። የመጨረሻውን ነጥብ ሰው ማንሣት ያፍራል። አይፈሩ፤ ገመድ ላይ ለሚወጣው ልጅ ሲባል መጻፍ አለበት። ክፍያውን በሦስት ይክፈሉት፦ ሲጀመር፣ ግንዱ ሲወርድ፣ ግቢው ሲጸዳ።

የዋዜማው ዝግጅት

ከሚወርድበት ቦታ ዕቃ ሁሉ ይነሣ። የውኃ ቧንቧ የሚያልፍበትን መስመር በካስማ ምልክት ያድርጉ። አሮጌ የመኪና ጎማ ካገኙ ቁራጩ በሚያርፍበት ቦታ ደርድረው ያንጥፉ፤ ምቱን ይውጠዋል፣ ግንዱም ተንከባሎ አይሄድም። ከብቱ ከግቢ ይውጣ፣ ውሻው ይታሰር፣ ልጆች ዘመድ ቤት ይዋሉ።

የቆረጣው ቀን

የእርስዎ ሥራ ሰው ወደዚያ እንዳይጠጋ መጠበቅ ነው። ዛፉ ሙሉውን የሚጣል ከሆነ ከቆራጮቹ በቀር ማንም ሰው ከዛፉ ቁመት እጥፍ በታች መቅረብ የለበትም፤ 28 ሜትር ለሆነ ዛፍ 56 ሜትር ማለት ነው። ተከፋፍሎ ሲወርድም ከቅርንጫፎቹ ሥር ማንም አይለፍ፤ ለሠራተኞቹ ውኃ የሚያቀብል ሰውም ቢሆን።

ጥሩ አሠራር ምን እንደሚመስል ካወቁ ሲበላሽ ማስቆም ይችላሉ። የሚወጣው ሰው ከታች ጀምሮ ቅርንጫፎቹን እያራገፈ ይወጣል። ከባዱ ቅርንጫፍ ከመቆረጡ በፊት በገመድ ይታሰራል፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ከታች በግንድ ላይ ይጠመጠምና የሚይዘው ሰው ቀስ በቀስ እየለቀቀ ያወርደዋል። ገመዱን በባዶ ክንድ የሚይዝ ሰው ካዩ ያስቁሙ። ጫፉ ከወረደ በኋላ ግንዱ ከላይ ወደ ታች በሜትር በሜትር ይቆራረጣል። ላይ ያለው ሰው መጋዙ ሲሠራ ሁልጊዜ በሁለት ማሰሪያ መያዝ አለበት፤ አንዱን ገመድ በስሕተት ቢቆርጠው ሌላው እንዲይዘው። መሰላል ላይ ቆሞ በሞተር መጋዝ መቁረጥ በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

የቀረው ግንድ አጥሮ ባለው ቦታ ሊወድቅ የሚችልበት ደረጃ ሲደርስ መጣል ይቻላል። በሚወድቅበት በኩል መጀመሪያ እንደተከፈተ አፍ ያለ ቁራጭ ይወጣል፤ ጥልቀቱ የግንዱን ወርድ አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ነው። ከዚያ ከጀርባ፣ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ፣ ይቆረጣል። መጋዙ ግን እስከ መጨረሻው አይሄድም። ከወርዱ አንድ አሥረኛ የሚያህል እንጨት መሐል ላይ ይተዋል፤ 50 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ግንድ አምስት ሳንቲ ሜትር። ይህ ቀሪ እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን እየመራ ይጥለዋል። የመጀመሪያው ቆራጫችን ይህን ማጠፊያ ሙሉ በሙሉ ቆርጦት ነበር፤ ዛፉ የዞረውም ለዚህ ነው። አቅጣጫ ማስያዣ ገመድ ካለም ከግንዱ ቁመት ከሁለት ሦስተኛው በላይ ይታሰራል፤ ታች የታሰረ ገመድ ጉልበት የለውም።

ከመጋዙ የሚወጣውን ብናኝ ይዩ። ፈዛዛ የነበረው በድንገት ቡናማና እርጥብ ዱቄት ከሆነ ውስጡ በስብሷል። ሽማግሌው ይህን ሲያዩ መጋዙን አጥፍተው ሁሉንም ከግንዱ አራቁና ገመድ ጨመሩ። የተቆረጠ ዛፍ ሌላ ዛፍ ላይ ተደግፎ ከቀረም ሥሩ አይኬድም፣ አይነቀነቅም፤ ከሩቅ በገመድ ይጎተታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም ውስጥ ለሠራተኛ ጠላ ሳያቀርቡ መዋል ነውር ይመስለናል። ምሳውን አጥግቧቸው፣ ሻይና ውኃ አይጉደል። ጠላውና አረቄው ግን መጋዙ ከተቀመጠ በኋላ፣ ማታ ይሁን።

እንጨቱና ቅጠሉ

የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ሁነኛ ነው፤ አድርቀው ከቤት ርቆ ያከማቹት። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ክምሩ ከተያያዘ ነበልባሉ ድንገት ይነሣል፤ ግቢ ውስጥ ክምር አያቃጥሉ። ዋንዛ ካስሰነጠቁ ጣውላውን ፀሐይ ላይ አያስጡት። ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በየመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ፣ ነፋስ ባለው ጥላ ሥር ይደርድሩት።

ጉቶው

ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከቤት የራቀ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለሌላ አጠና ይሆናል። ቤት አጠገብ ያለው ግን መሞት አለበት። ነቅለው ለማውጣት ካሰቡ ለቆራጩ አስቀድመው ይንገሩትና ከአንድ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ግንድ ያስቀሩ፤ ሥሩ ዙሪያው ተቆፍሮ ከተቆረጠ በኋላ ያ ግንድ እንደ መፈንቀያ ያገለግላል። መሬት ድረስ ካስቆረጡት በኋላ ግን ድጅኖ ይዘው ቀናት ይለፋሉ።

ሥሩ ወደ ቤቱ መሠረት ከገባ ግን አይንቀሉት። መሬት ድረስ ያስቆርጡና ቅርፊቱን ከተቆረጠበት ጀምሮ ከአፈር በታች እስከ ሥሩ መነሻ በመጥረቢያ ይላጡት፤ ቡቃያው የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት የሚያፈሱ አሉ። አያድርጉት፤ አፈሩን ያበላሻል፣ ጉድጓድ ውኃ ካለም እዚያ ይደርሳል። በእሳት ማቃጠልም እንዲሁ ነው፤ እሳቱ በሥሩ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ባላሰቡት ቦታ ይወጣል።

በቢቸናና በደጀን በኩል እንዳለው ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ አንድ ነገር ይከታተሉ። ዛፉ ውኃውን ይጠጣ ስለነበር አፈሩ ተኮማትሮ ኖሯል፤ ዛፉ ሲጠፋ በክረምት አፈሩ ያብጣል። ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርገው ይጠብቁ፤ ከአንድ ክረምት በላይ እየሰፋ ከሄደ ግንበኛ ይጥሩ። ጉድጓዱንም በአንድ ጊዜ አይሙሉት፤ እየጠቀጠቁ በየንብርብሩ ይድፈኑት፣ ክረምት ሳያልፍበትም ምንም አይገንቡበት።

እኛ ጉቶውን ልጠን ተውነው። በመጀመሪያው ክረምት እናቴ በየሁለት ሳምንቱ ቡቃያውን ጣቷ ሳያክል በእጇ እየገነጠለች ጣለች። በሁለተኛው ክረምት ሦስት ቡቃያ ብቻ ወጣ። አሁን ዙሪያውን ጌሾ ተክላበታለች።